የእትዬ ሸዋረጋ ቁልፎች

ብሩክታዊት ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ይሄ አስቀድሞ ይታወቅላት። እናቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያቸው። የስኳር መድኃኒታቸውን ከፋፍላ ታስቀምጣለች፣ ሐኪም ጋ ታመላልሳለች፣ ፖላሪስ ካለው ቢሮዋ በየምሳ ሰዓቱ እየደወለች "በላሽ ወይ?" ትላለች። ግን በዚያ ሳምንት የሠራችውን ሥራ የሰማ፣ በፈረንጅ አገር ኮሎምበስ ከተማ የሚኖር አበሻ ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጭኗል። እሷም ራሷ ገና ከድንጋጤው አልወጣችም።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው። ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ፣ ለእናቷ ዘይትና ሩዝ ገዝታ ኢስትሙር ሰፈር እናቷ ቤት ደረሰች። በሩን ከፍታ ስትገባ አንድ የማታውቀው ጎረምሳ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። የመጋዘን ጫማውን እንኳ አላወለቀም። የሟች አባቷን ጋቢ እስከ አገጩ ተከናንቧል። ብሩክታዊት ዘይቱን እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች። ጎረምሳው እንደምንም አንድ ዓይኑን ገለጠና አያት።

"ማንን ፈልገሽ ነው?" አላት።

እንግዲህ ተመልከቱ። ባትወለድበትም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችበት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የምርቃት ፎቶ የሷ ነው። እዚያ ቆማ "ማንን ፈልገሽ ነው" ተባለች።

እናቷ እትዬ ሸዋረጋ ከማዕድ ቤት እጃቸውን እየጠራረጉ ወጡ። ምንም አልመሰላቸውም።

"አንድርያስ ነው" አሉ፤ "ሌሊት ሲሠራ ነው የሚያድረው። የሚኖርበት አፓርትመንት ሰው በሰው ላይ ነው፤ ቀን እንቅልፍ አያገኝም። ቀስ ብለሽ አውሪ።"

"ቁልፍ ከየት አገኘ?"

"እኔ ነኛ የሰጠሁት።"

"እማዬ፣ ስንት ሰው ነው የዚህ ቤት ቁልፍ ያለው?"

እትዬ ሸዋረጋ ጣሪያውን እያዩ አሰቡ። አስበው አስበው ሲያቅታቸው ሳቅ አሉ። "እኔ ምኑን አውቄው። ቁልፍ የሚቀርጸው ፈረንጅ በስሜ ነው የሚጠራኝ" አሉ።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ ሸዋረጋ ትንሽ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። እሳቸውና ባላቸው ስደቱን ጨርሰው ኮሎምበስ ሲገቡ፣ አበሻው የሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን አልነበረውም። ቤቱን እንደገዙ እትዬ ሸዋረጋ ምድር ቤቱን አስጠረጉ፣ ታጣፊ ወንበር ለቃቅመው ደረደሩ፣ እሑድ እሑድ ሰው ለጸሎት ይሰበሰብበት ጀመር። ካህኑ አባ ገብረየስ ከአገር ሲመጡ ያረፉት እዚያው ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ለሁለት ተከፍሎ መተያየት ሲያቅተው፣ ሴትዮዋ ሁለቱንም ወገን ምሳ ጠሩ። አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ የምድር ቤቱን በር ቆለፉና ደረጃው አናት ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ሳትታረቁ የሚወጣ ካለ በእኔ ላይ ረግጦ ይውጣ" አሉ። ሲመሽ ታርቀው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሊቀ መንበር ተሾመ፣ ስንቱ ወረደ፤ እንደሳቸው የተፈራ ግን የለም።

ደግሞ የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ቤት ነው የሚያርፈው። ክርስቲያን ነህ፣ እስላም ነህ ብሎ ጥያቄ የለም። ሰውየው ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ ሲወጣ እትዬ ሸዋረጋ አንድ ቁልፍ እጁ ላይ ያስቀምጡና ጣታቸውን ይቀስሩበታል። "ደወል የሚደውል እንግዳ ነው። አንተ ደወሌን እንዳትነካብኝ" ይሉታል። እንግዲህ ይሄ ስንት ዓመት ሙሉ ሲሆን ኖሯል። ብሩክታዊት ደግሞ ኮሌጅ ገብታ፣ አግብታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር ቤት ገዝታ በወጣችባቸው ዓመታት ይቀራል ብላ ያሰበችው ነገር ጭራሽ ብሶበት አገኘችው።

ሐሙስ ዕለት ባለሙያ ይዛ መጣች። የድሮውን መቆለፊያ አስነቅላ ባለ ቁጥር መቆለፊያ አስገጠመች። ኮድ ትነኪያለሽ፣ ይከፈታል። ከሥሩ ለክፉ ቀን የሚሆን የቁልፍ ቀዳዳ አለው፤ የዚያን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ካሜራም አስተከለች፤ ከማግስቱ ጀምሮ ሰው በመጣ ቁጥር ስልኳ ላይ ያሳያታል፣ ስትፈልግም ካለችበት ሆና በስልኳ በሩን ትከፍታለች። የተነቀለውን መቆለፊያ የማዕድ ቤቱ ቆሻሻ ውስጥ፣ የድሮዋን ቁልፏን ደግሞ ከቀለበቷ አውጥታ የውጭው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለች። እትዬ ሸዋረጋ ይሄ ሁሉ ሲሆን እጃቸውን አጣምረው ቆመው ያያሉ።

"ስንት ቁልፍ ይወጣለታል?" አሉ በመጨረሻ።

"ቁልፍ የለውም እማዬ። ኮድ ነው።"

"ታዲያ ለሰው ምን እሰጣለሁ?"

"ለሰው አትሰጪም። ኮዱን ለማንም እንዳትነግሪ። ቃል ግቢልኝ። አንድ ቀን አንዱ ገድሎሽ ቢሄድ እኔ ምን እሆናለሁ?"

ይሄን ስትል እንባዋ መጣ። እትዬ ሸዋረጋ የልጃቸውን እንባ አይችሉትም።

"እሺ" አሉ፤ "ኮዱን ለማንም አልናገርም።"

ቅዳሜ ሉዊስ ሴንተር ባለው በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሴቶች ጉባኤ ነበር። ተናጋሪዋ ማን መሰለቻችሁ? ብሩክታዊት። ርእሱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘመን ሴቶች የነበራቸው የመሪነት ቦታና የእንግዳ አቀባበላቸው ነው። ለዚህ ንግግር ወር ሙሉ ስታነብ ከርማለች። እናቷን ልውሰድሽ ብትላቸው "ጉልበቴን ይዞኛል፤ ምስር ጥጄም የለ፤ አንቺ ሄደሽ ተናገሪ" አሏት። ባለቤቷ ሥራ ነበር፤ አንዷ ጓደኛዋ ወሰደቻት።

ሰዓቷን ለመቆጣጠር ስልኳን አትሮንሱ ላይ አስቀምጣ ጀመረች። አፏ ይጣፍጣል፣ እውነቱን ለመናገር። ስለ ልድያ ተናገረች፤ ሐምራዊ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ እነ ቅዱስ ጳውሎስን ካልገባችሁ ብላ በግድ ቤቷ ያስገባችው። ስለ ፌቤን ተናገረች፤ የሐዋርያውን መልእክት ይዛ ሮም ድረስ የሄደችው። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያኑ ሊቀ መንበር ጋሼ ጀማነህ በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ስልኳ ነዘር አደረገ። ዓይኗን ጣል ብታደርግ፣ ያ የሶፋው ጎረምሳ የእናቷ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ያስገባል። ቁልፉ ይገባል እንጂ አይዞርም። ነቅሎ አየው፤ ደግሞ አስገባው። ብሩክታዊት በልቧ "እንኳን አስቀየርኩት" አለች። ንግግሯን ቀጠለች።

ደግሞ ነዘረ። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሴት፣ ሂጃብ ያደረገች፣ የነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሥራ ልብስ የለበሰች። እሷም ቁልፍ ይዛለች። ከዚያ ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ፤ ዘጋችው። ከሌላ ቁጥር ተደወለ፤ ዘጋችው። የማይታወቅ ቁጥር ማን ያነሳል በዚህ ዘመን፤ ወይ ኢንሹራንስ ሊሸጥ ነው ወይ ሊያጭበረብር ነው። ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

"አሁን ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም እንምጣ" አለች። "የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የሚሰበሰቡት የት ነበር? በዚህች ሴት ቤት። ቅዱስ ጴጥሮስ ከእስር በተፈታ ጊዜ እግሩ የመራው ወደዚያ ነው። መጥቶ በሩን አንኳኳ። ሮዴ የምትባል ልጅ ልትከፍት ሄደች፤ ድምፁን ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት መክፈቱን ረስታ እየሮጠች ወደ ውስጥ ተመለሰች። እስቲ አስቡት፤ ውስጥ ያሉት ለሱ እየጸለዩ፣ እሱ ውጭ ቆሞ ያንኳኳል።"

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ስልኳ ተደፍቶ አትሮንሱን እየነዘረ ነው።

ያን ጊዜ ጋሼ ጀማነህ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አንገታቸውን ደፍተው ሲያነሱ ታየ። ሲሰሙ ቆዩና ድንገት ተነሡ። ጋሼ ጀማነህ ማለት ልጅ ጉባኤ መሐል ቢያስል የሚገላምጡ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ተናጋሪ እየተናገረ መድረክ ላይ ወጡ። አዳራሹ በሙሉ ምን ጉድ ነው ብሎ ቀጥ አለ። ማይኩን በመዳፋቸው ሸፈኑና ወደ ብሩክታዊት ጆሮ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ስልክሽን አንሺ። እናትሽ ወድቀዋል። ሊረዷቸው የመጡት ሰዎች በሩ አልከፈት ብሏቸው ውጭ ቆመዋል።"

  ስልኩን ገልበጥ ስታደርገው የእናቷ በረንዳ ሰው በሰው ሆኗል። ጎረምሳው አለ፣ ባለ ሕፃኗ አለች፣ ሌሎችም አሉ፤ አንዳቸውንም አታውቅም። ሁሉም እጃቸው ላይ ቁልፍ አለ። የካሜራውን ድምፅ ማስተላለፊያ ነካች።

"እናንተ ማናችሁ?" አለች። ያን ሰዓት ሌላ የሚጠየቅ ነገር ጠፍቶ። ማይኩ ክፍት ስለነበር ጥያቄዋን አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

ሂጃብ ያደረገችው ሴት ፊቷን ወደ ካሜራው አስጠጋች። "ጀነት እባላለሁ። ቁልፍ ያለኝ ነኝ" አለች። "እትዬ ምድር ቤት ወድቀዋል። በመስኮት ይታዩኛል፤ ወንበር ተደርምሶባቸዋል። የጓሮውን በር እንዳንገፋ ከሥሩ ያሉት እሳቸው ናቸው። አምቡላንስ ጠርተናል። እባክሽ እህቴ፣ ክፈቺልን።"

የብሩክታዊት ጣት ስልኩ ላይ የበሩ መክፈቻ ምልክት ጋ ደረሰ። ከሁለት ቀን በፊት እነዚህ ሰዎች እንዳይገቡ ነው ይሄን ሁሉ የሠራችው። ነካችው። በስልኳ መስኮት በሩ ብርግድ ሲል አየች። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ገባ። ከዚያ ባዶ በረንዳና የእግር መጥረጊያው ብቻ ቀረ። ብሩክታዊት ያንን የእግር መጥረጊያ ስታይ ቆመች።

ጋሼ ጀማነህ በራሳቸው መኪና ይዘዋት በረሩ። ከሉዊስ ሴንተር ኢስትሙር መንገዱ አላልቅ አለ። መሐል ላይ ጀነት ኮል አደረገች፤ "አሉ፤ ይናገራሉ። ዳሌያቸው ይመስለኛል። ስኳራቸውን ለክቼ ማር አቅምሻቸዋለሁ" አለች። ብሩክታዊት ስልኩን ዘጋች። ወደ ጋሼ ጀማነህ ዞራ፣

"ጋሼ፣ እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል?" አለች።

ጋሼ ጀማነህ፣ ቀይ መብራት ሲይዛቸው ከኪሳቸው የቁልፍ ቀለበታቸውን አወጡና ከመሐሉ አንዷን ለይተው አሳዩዋት። ያረጀች የነሐስ ቁልፍ ናት። ብሩክታዊት ቆሻሻ ውስጥ የጣለቻት ቁልፍ እኅት ናት።

"ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ቤቴ መግባት ያስጠላኝ ነበር" አሉ። "ከሥራ ስወጣ እዚያ እገባለሁ። ምድጃ ላይ የሚበላ አይጠፋም። በልቼ እወጣለሁ። እናትሽ ለምን መጣህ ብለው አያውቁም። እስካሁንም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ።" መብራቱ ለቀቃቸው። "ሐሙስ ማታም ሄጄ ነበር። ቁልፉ እምቢ ሲለኝ፣ ሴትዮዋ ምን አስቀይሜያቸው ይሆን ብዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ" አሉ።

ብሩክታዊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንዲህ የሚያሳፍር ነገር በሕይወቷ አልሰማችም።

ሲደርሱ እትዬ ሸዋረጋ በአምቡላንስ አልጋ ላይ ታስረው በበሩ እየወጡ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ነጠላቸው ግን ራሳቸው ላይ በወጉ ታስሯል፤ አንዷ አስተካክላላቸው ነው። ብሩክታዊት ተንደርድራ እጃቸውን ያዘች።

"እማዬ፣ ምድር ቤት ምን ልታደርጊ ወረድሽ?"

"የጓሮውን በር ልከፍትለት ነዋ፤ ለአንድርያስ፤ ሲመጣ ደወል ሳይነካ እንዲገባ" አሉ። "ወንበሮቹ ዘግተውታል። እነሱን ሳነሳ ክምሩ መጣብኝ።"

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር እኮ።"

"ኮዱን አልናገርም አልኩሽ፤ አልተናገርኩም። በር አልከፍትም ግን መች አልኩሽ?"

የአምቡላንሱ ሰዎች አልጋውን ሊያነሡ ሲሉ እትዬ ሸዋረጋ እጇን ጠበቅ አደረጉ። ድምፃቸው ተለወጠ።

"ሁሉንም ሰማኋቸው" አሉ። "የፊት ለፊቱ በር ከራሴ በላይ ነው። አንድርያስ ቁልፉን ሲያስገባ ይቸኩላል። ሰምሀል ልጇን ታቅፋ በአንድ እጇ ስለሆነ ቁልፉ በሩን ይጭረዋል። ጀነት ቀስ ብላ ነው። አንድ በአንድ አወቅኋቸው። ብጣራ ድምፄ አልወጣ አለ። ደወሉን እንዳይነኩ ያልኳቸው እኔ፤ ማንም አልነካውም። ሰው ከበሬ መለስኩ ብሩኬ። እኔ ሸዋረጋ ሰው ከበሬ መለስኩ።"

አለቀሱ። ብሩክታዊት እናቷ በአባቷ ቀብር ቀን እንኳ ለቀስተኛውን ብላ ጠጣ እያሉ ሲቆጣጠሩ እንጂ እንዲህ ሲሆኑ አላየችም። ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ያን ያህል ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ተኝተው፣ የሚያስለቅሳቸው ይሄ ነው። 

"እኔ ነኝ የመለስኳቸው" አለች። "እኔ ነኝ እማዬ። ነይ እንሂድ፤ አብሬሽ እገባለሁ።"

"አትመጪም" አሉ እትዬ ሸዋረጋ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ያ ኮሚቴ ቆልፎ ያስታረቀ ፊታቸው ተመለሰ። "ከኔ ጋር ጀነት ትሂድ። መድኃኒቴን ከአንቺ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ በየቀኑ የምታየኝ እሷ ናት። አንቺ እዚህ ቤት ሰው ሞልቶብሻል። ምስሩን አሙቀሽ አቅርቢ። እስካሁን ውጭ ቆመው የቆዩ ናቸው፤ አንድም ሰው ሳይበላ እንዳይሄድ።"

"እማዬ፣ እንዴት—"

"ብሩክታዊት።"

ሙሉ ስሟን ሲጠሩ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ጀነት የጸሎት ምንጣፏን ለሰምሀል ሰጥታ አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። ሥራዋ ላይ በሁለት ፈረቃ መሐል ያለችውን ሰዓት እዚያው ምድር ቤት ነበር የምትሰግድባት፤ ድሮ ክርስቲያኑ ቆሞ የጸለየበት ቦታ ላይ። ብሩክታዊት ይሄንንም ያን ቀን ነው የሰማችው። የገዛ እናቷን ሌላ ሰው ይዞባት ሲሄድ አስፋልቱ ላይ ቆማ አየች።

ገባች። ምስሩን አሞቀች። ሳህኖቹ የት እንዳሉ ስትፈልግ ሰምሀል አሳየቻት። ሰዎቹ እንደ ቤታቸው ተቀመጡ፤ ቤታቸው ነበርና። ማንም አልወቀሳት፤ ይሄ ነው የባሰው። አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ አንዱ ምድር ቤት ወርዶ የተደረመሰውን ወንበር ይለቅማል። የተቀሰረባት ጣት ቢኖር እንዴት ደስ ባላት።

አዲሱን መቆለፊያ የምትነቅልበት ብሎን መፍቻ ልትፈልግ የማንኪያውን መሳቢያ ስትስብ የድሮው መቆለፊያ ከነብሎኖቹ በፌስታል ተጠቅልሎ እዚያ ተቀምጧል። እናቷ ከቆሻሻው ለቅመው አስቀምጠውታል። ብሩክታዊት ለማንም ሳትናገር አዲሱን ነቅላ የድሮውን ማሰር ጀመረች። ብሎኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደቀባት። ጋሼ ጀማነህ መጥተው በሩን ያዙላት።

ሊመሽ ሲል ጀነት ደወለች። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ነገ ቀዶ ጥገና ይሠራላቸዋል፤ ስኳራቸው ተስተካክሏል። "ሁሉም በልተዋል ወይ ብለሽ ጠይቂያት ብለውኛል" አለች።

"በልተዋል በያት" አለች ብሩክታዊት።

ብሎኖቹን ካጠበቀች በኋላ እስቲ በደንብ ይዘጋ እንደሆነ ልየው ብላ ወደ ውጭ ወጣችና በሩን ሳበችው። ቀጭ ብሎ ተዘጋ። እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ያን ጊዜ ነው የገባት። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቁልፍ አለው፤ እሷ ግን የላትም፤ ራሷ ጥላዋለች። በእናቷ በር ላይ ባዶ እጇን ቆመች። ደወሉ እጇ ሥር ነው። ልትነካው ዘረጋችና ጣቷን መለሰች። ዝም ብላ በጣቷ አንጓ አንኳኳች።

የከፈተላት አንድርያስ ነው። እጁ ላይ ግማሽ የተበላ ሳህን ይዟል። ማንን ፈልገሽ ነው አላላትም። አያት፣ መቆለፊያውን አየ፣ ሳህኑን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ከኪሱ ቁልፉን አወጣ።

"ይሄን ያዢ" አላት። "እኔ ነገ ሌላ አስቀርጻለሁ። ግቢ፣ ብርድ ነው።"